ወንዝ፣ ሐዲድ፣ አስፋልት

አዋሽ ባሕር አያይም። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይወርድና ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ከሚባል ጨዋማ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ወንዙ ከባሕር አለመድረሱ ለአፋር በረከት ሆኖ ኖሯል። ደጋው በክረምት የተቀበለው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ይመጣና ሜዳው ላይ ይተኛል፤ ጎርፉ ሲሸሽ ሣር ይበቅላል፤ በበጋ ሌላው ምድር ሲነድ ግመሉ፣ ከብቱና ፍየሉ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ስለዚህ ሸለቆ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚወሳው የጥንት አጥንት፣ ሱልጣንና ባቡር ነው። እኔ ደግሞ ዘመኑን ተከትዬ በወረድሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ አብሮኝ ይወርዳል፤ ያ የበጋ ሣር በየዘመኑ በማን እጅ ነበር?

የሸለቆው የላይኛው በር የፈንታሌ ተራራ ነው፤ 2,007 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት እሳት የተፋ ገሞራ። ከእርሱ በስተ ምሥራቅ፣ ወንዙ ገደል ሰንጥቆ በሚያልፍበት አፋፍ ላይ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ ተቀምጧል። ከዚያ ወዲያ አዋሽ ወደ ሰሜን ይታጠፋል። በአሚባራና በገዋኔ፣ በአየሉ ተራራ ሥር አልፎ ሚሌን ይነካና ወደ ዱብቲና አሳይታ ይዞራል። የአፋር ክልል መዲና ሰመራ እዚሁ ታችኛው ጫፍ ላይ፣ ከሎግያ ጎን ናት። አዋሽን ባቡር ወለዳት፣ ሰመራን መንግሥትና የጭነት መኪና ወለዷት፤ ሁለቱም ሳይኖሩ ወንዙ ራሱ የወለደው ሌላ መዲና ነበር። ትረካው ወደ እርሱ ከመድረሱ በፊት ግን በጣም ወደ ኋላ መሄድ ይኖርበታል።

ከአዋሽ ወደ ሚሌ የሚነዳ ሹፌር በግራው በኩል የሰው ዘር ታሪክ ተዘርግቶለታል፤ ለማየት ግን ጊዜ የለውም። በአራሚስ ከ4.4 ሚሊዮን ዓመት በፊት አርዲ ተብላ የተሰየመችው ፍጡር በደን ውስጥ ትኖር ነበር። በሃዳር ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ድንቅነሽ በሁለት እግሯ ተራመደች። በጎና የዛሬ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ አንድ ሰው መሰል ፍጡር ድንጋይን በድንጋይ ፈልጦ ስለት አወጣ። በሄርቶ የዛሬ 160 ሺህ ዓመት ገደማ እኛኑ የሚመስሉ ሰዎች የጉማሬ ሥጋ ይበሉ ነበር። ይህ ሁሉ በአንድ ወንዝ ዳርቻ የሆነበት ምክንያት ተአምር አይደለም። ምድሩ እየተሰነጠቀ ይሰምጣል፤ ወንዝና ሐይቅ በደለል ይሸፍነዋል፤ ገሞራው በየጊዜው አመድ ያለብሰዋል፤ አመዱም ዕድሜን ለመለካት ያገለግላል። ከዚያ መሬቱ ተነሥቶ ጎርፍ ሲሸረሽረው የተቀበረው ይወጣል።

ወደ ተጻፈው ታሪክ ስንመጣ አውሳ ይጠብቀናል። ግራኝ አሕመድ ከሞተና የአዳል ኃይል ከተሰበረ በኋላ ሐረር በአንድ በኩል በኦሮሞ እንቅስቃሴ፣ በሌላ በኩል በደጋው መንግሥት ተጨነቀች። እ.ኤ.አ. በ1577 ኢማም መሐመድ ጋሳ መንበሩን ከሐረር አንሥቶ ወደ አውሳ፣ ወደ ታችኛው አዋሽ፣ አዛወረው። ግንብ ካለው ከተማ ወጥቶ በረሃ መግባት ሽሽት ይመስላል። ነገር ግን አውሳን ዙሪያውን በረሃ ይጠብቀዋል፤ ውስጡ ደግሞ ወንዙ የሚያጠጣው ለም ደለል፣ ሐይቅና ጫካ ነው። የመጣ ጠላት ከመድረሱ በፊት ጥማት ይቀበለዋል። የኢማሞቹ ሥርወ መንግሥት ግን በዚያ አልጸናም። የአፋር ጎሳዎች ቀስ በቀስ በረቱና እ.ኤ.አ. በ1734 የሙደይቶው ከዳፎ የራሱን ሥርወ መንግሥት አቆመ። የአውሳ ሱልጣንነት ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በዚሁ ቤት ውስጥ ሲወርድ ሲዋረድ ቆየ።

አውሳ የበለጸገው በውሃና በመንገድ ነው። ከታጁራ የሚነሣው የግመል ቅፍለት ጨው፣ ጨርቅና ጠመንጃ ይዞ ወደ ሸዋ ይወጣል፤ ከሸዋ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና፣ አሳዛኝ ቢሆንም፣ ባሪያ ይዞ ይመለሳል። ከአንኮበር አምባ ሥር የምትገኘው አልዩ አምባ የዚህ ንግድ የደጋ በር ነበረች። በመካከል ያለው አፋር ነው፤ መንገድ የሚመራው፣ ግመል የሚያከራየው፣ የጉድጓዱን ውሃ የሚፈቅደው ወይም የሚከለክለው እርሱ ነው። ወሬውም የእርሱ ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዳጉ ይቀመጣሉ፤ ማን እንዳለፈ፣ የት እንደ ዘነበ፣ ምን ያህል ጠመንጃ የያዘ ቅፍለት እንደሚመጣ አንድ በአንድ ይለዋወጣሉ። ሳይታይ አውሳ የገባ እንግዳ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ይህን ወርነር ሙንዚንገር በነፍሱ ከፈለበት። ስዊስ ተወላጅ ነው፤ ለግብጹ ኬዲቭ ኢስማኤል አድሮ ምጽዋን ያስተዳድር ነበር። ግብጽ ኢትዮጵያን ከየአቅጣጫው ለመክበብ በተነሣች ጊዜ እርሱ ከታጁራ ተነሥቶ በአውሳ በኩል ወደ ሸዋ እንዲዘልቅ ታዘዘ። በኅዳር 1868 ዓ.ም. አውሳ ውስጥ አፋሮች በሌሊት ወረዱበት፤ እርሱም፣ ሚስቱም፣ ልጁም ከብዙ ወታደሩ ጋር ተገደሉ። በዚያው ሰሞን ነው የአፄ ዮሐንስ ጦር በጉንዴት ሌላውን የግብጽ ጦር የደመሰሰው። ጉንዴትና ጉራ በልጅነታችን በቃላችን ያጠናናቸው ድሎች ናቸው። የአውሳው ግን ከእነርሱ እኩል አይነሣም፤ ለምን እንደሆነ ለመገመት ብዙ አያስቸግርም፤ ታሪኩን የጻፈው ደገኛ ነው።

ከግብጽ ቀጥሎ የመጣው ጣሊያን ነው። አሰብ ላይ መሬት የገዛው እ.ኤ.አ. በ1869 በመርከብ ኩባንያ ስም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1882 መንግሥቱ ራሱ ተረከበው። ከዚያ ወደ ውስጥ ለመግባት ሞከረ። የጁሊየቲ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1881፣ የቢያንኪ ቡድን በ1884 በአፋር ምድር አለቁ። ብልሁ አንቶኔሊ ግን ከሱልጣን መሐመድ ሀንፈሬ ጋር ተዋውሎ ከአሰብ በአውሳ ወደ ሸዋ የሚወስድ የንግድ መንገድ ከፈተ። በዚሁ ዘመን፣ በ1879 ዓ.ም.፣ ግጥም መጻፍ ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ ጠመንጃ ጭኖ ከታጁራ ተነሣና አዋሽን ተሻግሮ አንኮበር ደረሰ። ንግዱ አልቀናውም፤ ምኒልክ ዋጋውን ቁርጥ አድርገው ሰጡት፤ የሞተው ሸሪኩ አበዳሪዎችም ከበቡት። መመለሻውን በሐረር በኩል አደረገ። የሸዋ ንግድም ብዙ ሳይቆይ ፊቱን ወደዚያው አዞረ፤ ምኒልክ በ1879 ሐረርን ከያዙ ወዲህ የበረሃው መንገድ ተፎካካሪ መጣበት።

ተፎካካሪውን አሸናፊ ያደረገው ባቡር ነው። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ የሐዲድ ሥራ ፈቃድ ሰጡ፤ ፈረንሳዊው ሌዎን ሸፍኖም አብሮት ነበር። መሥመሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ታጁራንና አውሳን ወደ ሰሜን ትቶ በደቡብ አለፈ። በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ እዚያ ኩባንያው ከሰረና ሥራው ለዓመታት ቆመ። በ1900 አዲስ ውል ተፈርሞ የፍራንኮ ኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ ሲረከበው ሐዲዱ ወደ ምዕራብ ቀጠለ። ከድሬዳዋ ሜዳ ለሜዳ ሲመጣ የኖረው መሥመር ድንገት አዋሽ ገደል ላይ ቆመ። ድልድዩ እስኪሠራ ሠራተኛ፣ ብረት፣ ምግብና ገንዘብ ከገደሉ አፋፍ ላይ ተከማቸ፤ ጣቢያው፣ የውሃ ማጠራቀሚያው፣ የኩባንያው ቤቶችና የግሪኮች ሱቅ ተከተለ። አዋሽ ከተማ እንዲህ ሆነች፤ ባላባት አልቆረቆራትም፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ አልቀደማትም።

ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ዓመቱ ሌላ ነገርም አይቷል። በመስከረም 17 ቀን ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲሻሩ ሐረር ላይ ነበሩ። በሚኤሶ በኩል ያደረጉት ሙከራ ከሸፈና ወደ አፋር በረሃ ገቡ። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል በሰገሌ ተሸንፈው ከተማረኩ በኋላም፣ ልጅየው እስኪያዙ ድረስ በነበሩት ዓመታት፣ አፋር በተደጋጋሚ ጥግ ሆኗቸዋል። ባቡር በደቡቡ ጫፍ እያፏጨ በሚያልፍበት ዘመን አንድ የተሻረ አልጋ ወራሽ በረሃው ውስጥ ለዓመታት ሊሰወር መቻሉ የሐዲዱን ኃይል ልክ ያሳያል። ሐዲዱ የሚገዛው ግራና ቀኙን ብቻ ነበር።

በግራና በቀኝ ግን ለውጡ ትልቅ ነው። ባቡሩ በሌሊት አይሄድም ነበርና ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ አንዱ ማደሪያ ድሬዳዋ፣ ሌላው አዋሽ ነው። በ1923 ዓ.ም. ለአፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ የመጡት የአውሮፓ መሳፍንትና ጋዜጠኞች ያለፉት በዚሁ ሐዲድ ነው። የጣቢያው ቡፌ አልጋና ትኩስ ምግብ አለው፤ ከአጥሩ ውጭ ከረዩው፣ ኢቱውና አፋሩ ወተት፣ ቅቤና ፍየል ይዘው ይቆማሉ። ከጅቡቲ ወገን የኢሳ አርብቶ አደር ሐዲዱን ተከትሎ ንግዱንና ጠመንጃውን ቀድሞ አገኘ፤ በኢሳና በአፋር መካከል የቆየው የውሃና የግጦሽ ፉክክርም ከዚያ ወዲህ ሚዛኑ ተለወጠ። ታጁራና አውሳ ግን ቅፍለታቸው ሳሳ።

የአዋሽ ጣቢያ ለአሳሾችም መነሻ ሆነ። በ1920 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ኔስቢት ከሁለት ጣሊያኖች ጋር ከዚህ ተነሥቶ አፋርን ከደቡብ እስከ ሰሜን አቋርጦ ዳሎል ደረሰ። በ1926 ዓ.ም. ደግሞ ዊልፍሬድ ቴሲጀር መጣ። እርሱ የእኛው አገር ልጅ ነው ቢባል ያስኬዳል፤ በ1902 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ተወለደ። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ጥያቄውም አንድ ነው፤ አዋሽ የት ይገባል? ሙንዚንገር፣ ጁሊየቲና ቢያንኪ የቀሩበትን ምድር አቋርጦ አውሳ ገባ። ሱልጣን መሐመድ ያዮ ጫካ ውስጥ በተገለጠ ሜዳ፣ በብዙ መቶ የታጠቁ ሰዎች መካከል ተቀበሉት፤ ካመነቱ በኋላም እንዲያልፍ ፈቀዱለት። ወንዙን ተከትሎ አቤ ድረስ ሄደና ውሃው እዚያ እንደሚያበቃ በዓይኑ አይቶ በታጁራ ወጣ። አፋሮች ይህን ከእርሱ በፊት ያውቁት እንደነበር መናገር አያስፈልግም፤ እርሱ ያደረገው በካርታ ላይ ማስፈር ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ካርታውን የሚፈልግ ሌላ ኃይል መጣ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ከአሰብ ተነሥቶ ሰርዶንና አውሳን ያዘ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ንጉሠ ነገሥቱን ወደ ስደት የወሰደው ባቡር አዋሽን አቋርጦ ወደ ጅቡቲ ወረደ። ወራሪው በነበረባቸው አምስት ዓመታት ከአሰብ ተነሥቶ በተንዳሆ፣ በሚሌና በባቲ ወደ ደሴ የሚወጣውን መንገድ አነጠፈ። ያ መንገድ ባይኖር ኋላ ሎግያ፣ ሰመራም አይኖሩም ነበር። የእንግሊዝ ጦር ከሐረር ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥ ጣሊያኖቹ የአዋሽን ድልድዮች አፈራረሱ፤ ገደሉ ግን አላቆመውም። መጋቢት 25 ቀን 1933 የምሥራቅ አፍሪካ ብርጌድ ወንዙን ተሻገረ፤ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ተያዘች።

የሱልጣን መሐመድ ያዮ ዕጣ ከጣሊያን ጋር ታሰረ። ከወራሪው ጋር አብረዋል ተብለው በ1936 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በተላከ ጦር ተይዘው ተወሰዱ፤ በቦታቸውም ወጣቱ አሊሚራህ ሀንፈሬ ተተኩ። አውሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሱልጣኑን የደጋው መንግሥት አስቀመጠለት። አሊሚራህ ግን ሥልጣናቸውን ከማእከሉ እየተቀበሉ ለአውሳ የሚሠሩ፣ ሁለቱንም ወገን የሚያውቁ ሰው ሆኑ፤ ቢትወደድ የሚለውን ማዕረግም አገኙ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ጊዜ የሸለቆው ታሪክ ወገብ ነው። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ አልቆ አዋሽ በመቆጣጠሪያ ሥር ዋለ። በ1954 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ደጋ ሲዘንብ የሚመጣው ጎርፍ ከዚያ ወዲያ እንደ ድሮው ልቅ አልነበረም፤ ኤሌክትሪክ ለማመንጨትና ለመስኖ ይጠራቀማል። ላይ ወንጂና መተሐራ ሸንኮራ ተተከለ። መካከል ላይ በአሚባራና በመልካ ወረር ጥጥ ተዘራ፤ ወረር ላይ የምርምር ጣቢያ ቆመ። ታች ዱብቲ ላይ ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከመንግሥት ጋር ሆኖ የተንዳሆን የጥጥ እርሻ ከፈተ፤ ጥጡ በጣሊያኖቹ መንገድ ወደ አሰብ ይወርዳል። ከወሎና ከሌላም ደጋ የመጣ የቀን ሠራተኛ ዱብቲ ላይ በወባ እየታመመ ጥጥ ለቀመ።

አሊሚራህ ይህን ቆመው አልተመለከቱም። አውሳ ውስጥ የራሳቸውንና የጎሳቸውን የጥጥ እርሻ አስፋፉ፤ ትራክተር ገባ፤ አሳይታ ሀብታም ሆነች። ፍርዴን ልናገር ከተፈቀደልኝ፣ ኩባንያው መሬቱን ሲጠቀልል ካዩት ሁሉ የተሻለ መልስ የሰጡት እርሳቸው ናቸው። ግን እርሻው የሱልጣኑም ሆነ የኩባንያው፣ የታረሰው ያው የወንዝ ዳር መሬት ነው። ለአርብቶ አደሩ ለዓመት ሙሉ የሚያስፈልገው መሬት ሰፊ ነው፤ ለበጋ የሚያስፈልገው ግን ያ ጠባብ የወንዝ ዳር ብቻ ነው፤ እርሱ ሲሄድ ሰፊው ዋጋ ያጣል። በዚሁ ጊዜ ላይኛው በር ላይ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1958 ተመሠርቶ በ1961 በነጋሪት ጋዜጣ ወጣ፤ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ለሳላና ለሜዳ ፍየል ተከለለ። ሳላ መጠበቁ መልካም ነው። ከረዩና አፋር ግን ፈንታሌ ሥር ካለው ፍል ውሃና ግጦሽ ተገፉ።

ምድሪቱም በመካከል የራሷን ሥራ ሠራች፤ መጋቢት 20 ቀን 1961 በደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ በጣሊያን ዘመን የታወቀችው ሰርዶ ፈረሰች፤ ሳምንት ሳይሞላ በድጋሚ ተናወጠች።

ከዚያ በ1965ና በ1966 ድርቅ መጣ። ወሎ ስንል የሚታየን የደጋው ረሃብ ነው፤ ከሁሉ ቀድሞና ከሁሉ ከፍቶ ከተጎዱት አንዱ ግን አፋር ነበር። ዝናብ ሲጠፋ የሚወርዱበት ወንዝ ዳር ታርሷል። ከብቱ አለቀ፤ የቀረው ሰው ወደ መንገዱና ወደ ባቲ ወጣ። የጥጥ ማሳው በዚያን ጊዜም አረንጓዴ ነበር።

ድንቅነሽ የተገኘችው በዚህ ማግሥት ነው። ፈረንሳዊው የሥነ ምድር ተመራማሪ ሞሪስ ታይብ ቀደም ብሎ ሃዳርን አግኝቷል፤ በ1967 መግቢያ አለማየሁ አስፋው የጥንት መንጋጋዎችን ለቅመዋል። ኅዳር 15 ቀን ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ የአንዲት ፍጡር አጽም ከአንድ ተዳፋት ላይ አገኙ፤ 40 በመቶ ያህሉ ተርፏል። አዲስ አበባ ግን በዚያች ቀን ስለ ሌላ ሞት ታወራለች፤ ከአንድ ቀን በፊት፣ ኅዳር 14፣ ደርግ ስልሳዎቹን ባለሥልጣናት ረሽኗል። የ3.2 ሚሊዮን ዓመት አጽምና የአንድ ሌሊት ሬሳ በአንድ ሳምንት ተገናኙ።

በየካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ። አዋጁ ለአርብቶ አደሩ በግጦሹ የመጠቀም መብት ይሰጣል፤ አውሳ ላይ የመጣው ግን እርሻ የሚወርስ ጦር ነበር። በግንቦት መጨረሻ ውጊያ ተከፈተና ብዙ ሰው አለቀ። ሱልጣኑ በጅቡቲ አድርገው ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ተሰደዱ፤ የአፋር ነጻነት ግንባርም ትጥቅ አነሣ። ተንዳሆና አሚባራ የመንግሥት እርሻ ሆኑ፤ ባለቤቱ ቢለወጥም ሣሩ አልተመለሰም። ይባስ ብሎ በዚያ ዘመን ለጥላና ለአፈር ጥበቃ ተብሎ መካከለኛው አዋሽ ላይ ፕሮሶፒስ ተተከለ። ከአሜሪካ አህጉር የመጣ እሾሃማ ዛፍ ነው፤ ከብትና ፍየል ፍሬውን በልተው በፋንድያቸው ይዘሩታል፤ ሥሩ ጠልቆ ውሃ ይጠጣል፤ ከጥላው በታች ሣር አይበቅልም። አፋሮች ደርጊ ሃራ፣ የደርግ ዛፍ፣ አሉት። ዛሬ በክልሉ የያዘው መሬት ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ነው። ኩባንያም ሆነ ሱልጣን፣ ደርግም ሆነ ፓርክ ይህን ያህል ግጦሽ አልወሰደም።

በ1983 ደርግ ሲወድቅ አሊሚራህ ከስደት ተመልሰው በሰኔው የሽግግር ጉባኤ ተቀመጡ። ስለ አፋርና ስለ ኢትዮጵያ ሲጠየቁ ግመሎቻችን እንኳ ባንዲራዋን ያውቃሉ አሉ እየተባለ ዛሬም ይነገራል። አፋር ክልል ሆነ፤ የመጀመሪያው መዲና አሳይታ፣ የመጀመሪያው ፕሬዝዳንትም ልጃቸው ነበሩ። በዚህ ጊዜ ከአዋሽ በታች ያለው አፈር ሳይንቲስቶችን እንደ ገና ይጠራ ጀመር፤ በ1987 ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ አራሚስ ላይ የአርዲን የእጅ አጥንት አነሡ፤ በ1990 የሄርቶ ራስ ቅሎች ተገኙ፤ በታኅሣሥ 1993 የዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን ዲኪካ ላይ ሰላም ተብላ የተሰየመችውን ሕፃን አገኘ።

የሰመራን መወለድ ያፋጠነው ደግሞ ጦርነት ነው። በግንቦት 1990 ከኤርትራ ጋር ውጊያ ሲከፈት አሰብ ተዘጋ። የአገሪቱ ዕቃ በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ አሮጌው ባቡር ያንን ሸክም አይችልም ነበርና ተሳቢው ከጋላፊ በሚሌ፣ ከዚያም በገዋኔና በአዋሽ ወደ መሐል አገር መንጎድ ያዘ። ነዳጅ የጫነ ቦቴ፣ ስንዴ የጫነ ተሳቢ፣ ኮንቴይነር፤ ሎግያ ላይ ሹፌርና ረዳት ያድራል፣ ጎማ ይጠገናል፣ ቡና ይፈላል። አሳይታ ከዚህ መንገድ ወደ ጎን የወጣች ናት። ስለዚህ በ1990ዎቹ የክልሉ መሥሪያ ቤቶች ወደ አስፋልቱ መጡ፤ ከሎግያ አጠገብ ባለው ጥቁር ድንጋያማ ሜዳ ላይ ሰመራ ተሠራች። ዛፍ የለም፣ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ያልፋል፤ መጀመሪያ የታየው የቢሮ ሕንጻ ነው፤ በ2000 ዩኒቨርሲቲው ተከፈተ፤ አውሮፕላን ማረፊያውም የሱልጣን አሊሚራህን ስም ይዟል። አራት መቶ ዓመት ውሃ ያለበት ቦታ የተቀመጠው መንበር ውሃውን ትቶ ናፍጣ ወዳለበት ሄደ። ሱልጣኑ በሚያዝያ 2003 ሲያርፉ ሰመራ ከተማ ሆና ነበር።

ወንዙ ግን ከሥራ አላረፈም። ተንዳሆ ላይ 1.86 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ግድብ ተገነባ፤ ዓላማው ስኳር ነበር፤ ጥጡ ተነቅሎ ሸንኮራ ተተከለ፤ ፋብሪካው ግን የታሰበለትን ያህል አልሠራም። በመስከረም 1998 ከሰመራ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ዳባሁ ላይ፣ መሬት በሳምንታት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ተሰንጥቃ በአንዳንድ ቦታ ስምንት ሜትር ያህል ተራራቀች። በየካቲት 2008 ደግሞ ሚሌ ወረዳ ውስጥ የአካባቢው ፍየል ጠባቂ ያያት አንዲት መንጋጋ 3.8 ሚሊዮን ዓመት ወዳስቆጠረ ሙሉ የሚያህል ራስ ቅል መራች።

አዋሽ ከተማም ሁለተኛ ባቡር አየች። መስከረም 25 ቀን 2009 ቻይናዎች የሠሩት የኤሌክትሪክ መሥመር ተመረቀ፤ የቀድሞው ሦስት ቀን ወደ ግማሽ ቀን ገደማ ወረደ፤ ማንም አዋሽ አያድርም። ከዚያው ከተማ ተነሥቶ በኮምቦልቻ ወደ ሃራ ገበያ የሚሄድ 392 ኪሎ ሜትር መሥመር አንድ የቱርክ ኩባንያ ጀመረ፤ ሐዲዱና ምሰሶው በአብዛኛው ቆሟል፣ መደበኛ ባቡር ግን አልሄደበትም። በኅዳር 2014፣ በሰሜኑ ጦርነት ወቅት፣ ሁሉም ወገን የተመኘው ያንኑ የሚሌን መንገድ ነበር፤ ጭፍራና ካሳጊታ ላይ የአፋር ታጣቂ ከመከላከያው ጋር ቆሞ ተዋጋ።

ከመስከረም 2017 ጀምሮ ፈንታሌ ሥር ምድር መንቀጥቀጥ ያዘች፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት በረታ፤ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ንዝረቱን ሰማ። በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች ቤት ፈረሰ፣ መንገድ ተሰነጠቀ፣ ፍል ውሃ ከመሬት ፈነዳ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ተነሥቶ በመጠለያ ሰፈረ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ደግሞ ከሰመራ በስተ ሰሜን ሃይሊ ጉቢ የተባለው ገሞራ በሰው በተመዘገበ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈነዳ። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሕንድ ድረስ ሄዶ በረራ አሰናከለ። አፍዴራ ወረዳ ላይ የሰው ሕይወት ባይጠፋም ግጦሹን አመድ ሸፈነው፤ የአካባቢው ባለሥልጣናት በዚያ ሳምንት የጠየቁትም ለከብቱ የሚሆን መኖ ነበር።